የአባ መብረቅ ፈረስ የት ገባ?

ቅናትም ደረጃ አለው። አንዳንዱ በጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤት ይቀናል፤ ይኼ ጨዋ ቅናት ነው። አንዳንዱ በባልንጀራው ሹመት ይቀናል፤ ይኼም ቢሆን ያለ ነው። እኔ ግን የቀናሁት ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ ጨርቅ ውስጥ በሚበር ሰውዬ ነው። አማርኛ በማይችል፣ አሰላን በማያውቅ፣ እኔ መፈጠሬን እንኳ ባልሰማ ሰውዬ ቀንቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እስቲ ፍረዱኝ! አይ፣ ቆዩ፣ አትፍረዱኝ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ አሰላ እህል መጋዘን ውስጥ የንብረት ሠራተኛ ነበርኩ። ንብረት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጆንያ ነው። ጆንያ ማስገባት፣ ጆንያ ማስወጣት፣ የተቀደደውን ማስጠገን። የተቀደደ ጆንያ የሚጠገነው ደግሞ ከገበያው ወረድ ብሎ እትዬ ወርቅነሽ በረንዳ ላይ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ከልጃቸው ከጽጌ ጋር ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ጆንያ ይሰፋሉ።

ጽጌ! ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ ቀና ስትል አንድ ጎኗ ብቻ ፈገግ ይላል። ሌላው ጎኗ ይጠብቃል፤ ሊስቅለት የሚገባ ሰው መሆናችሁን እስኪያጣራ። እኔ ያንን ሁለተኛውን ጎን ለማየት ስል ስንት ደህና ጆንያ እንደቀደድኩ አትጠይቁኝ። በዚያ ዓመት መጋዘናችን አይጥ በዛበት ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አይጡ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ሐሳብ ሁሉ ሰጥቷል።

ችግሩ፣ ጆንያ ይዞ መሄድ ብቻውን ፍቅር አይሆንም። ቁጭ የሚያሰኝ ወሬ ያስፈልጋል። እግዜር ሲረዳኝ መሥሪያ ቤቴ ለስልጠና አዲስ አበባ ላከኝና እዚያ አንድ ፊልም አየሁ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው ይባል ነበር። ፎቅ ይፈርሳል፣ ባቡር ይገለበጣል፣ አንድ ደረተ ሰፊ ሰውዬ እየበረረ ሁሉንም ያድናል። እንግሊዝኛው ብዙም አልገባኝም፤ መብረሩ ግን በየትኛውም ቋንቋ መብረር ነው።

እትዬ ወርቅነሽ ጴንጤ ናቸው። ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር ጽጌ በደጁ እንኳ እንድታልፍ አይፈቅዱም። እኔ ፊልሙን በወሬ ስጀምርላቸው ግን መርፌያቸውን ያዝ አድርገው ትንሽ አሰቡና፣ «ኃጢአቱ ማየቱ ነው እንጂ መስማቱማ ምን አለበት» አሉ። በቃ፣ ተፈቀደልኝ። ጽጌ ስትሰማ መርፌዋ አየር ላይ ይቆማል። «ከዚያስ?» ትለኛለች። ወይኔ ያ «ከዚያስ»! አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ ፊልም ወራት ፈጀብኝ። አንዱን ፎቅ ለማፍረስ ብቻ አንድ ሳምንት ወስጄበታለሁ።

ታዲያ ወሬ ሲጥም ሰው ይበዛል። መጀመሪያ የመጡት ሀጂ ቀዲር ናቸው። ሀጂ የሳጉሬ እህል ነጋዴ ሲሆኑ ጆንያቸውን እዚያው ነው የሚያሰፉት። አገሩ የፈረስ አገር ነው፤ ሀጂ ደግሞ ከልጆቻቸው ስም የፈረሶቻቸውን ስም አስቀድመው የሚጠሩ ሰው ናቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣

«ፈረሱስ?» አሉኝ።

«የምን ፈረስ፣ ሀጂ?»

«ጀግና አይደለም ወይ ይኼ ሰውዬ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ፈረሱስ?»

«ሀጂ፣ ይበራል እኮ!»

«ይብረር! ወፍም ይበራል። እኔ ፈረስ የለውም ወይ ነው ያልኩህ።»

 ጽጌ አየችኝ። «ድሃ ነው እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሐዘኔታ አለበት። እንዴት ነው ከእንግዲህ ለድሃ ሰውዬ መርፌ የሚቆመው? «ኧረ አለው!» አልኩ ዘልዬ። «ዳማ ፈረስ ነዋ! ሰማይ ላይ ሲደክመው ወርዶ የሚጋልበው።»

«እህ!» አሉ ሀጂ፣ አሁን ገና ደህና ተቀመጡ። «የፈረስ ስሙስ ማነው?»

«አባ መብረቅ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰውዬው የፈረንጅ ስም ተረሳ። አሰላ ሁሉ አባ መብረቅ አለው። እትዬ ወርቅነሽ ደግሞ አንድ ቀን «ለመሆኑ ጸሎት ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ሳይጸልይማ ከመሬት አይነሳም» አልኳቸው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የመፈክር ጨርቅ ጠርዙን ሊያስዘመዝሙ መጥተው ቆመው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ይኼ ግለሰብ ተደራጅቷል?» አሉ። በዚያን ጊዜ ይኼ ጥያቄ ሲጠየቅ አስቦ መመለስ አይቻልም። «የገበሬ ማህበር አባል ነው፣ ጓድ!» አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩት ሰውዬ ነው እንግዲህ የካደኝ። አንድ ቀን ጽጌ፣ «ሚስት አለችው?» አለችኝ። «እጮኛ አለችው» አልኩ በየዋህነት። ጽጌ ተነፈሰች። «ታድላ» አለች።

ታድላ! እኔ እዚህ ጆንያ ተሸክሜ ቆሜ!

ከዚያ ወዲህ ኑሮ መረረኝ። ሳስነጥስ፣ «አባ መብረቅም ያስነጥሳል?» ትለኛለች። የጎረቤት ውሻ አባሮኝ በረንዳው ላይ ዘልዬ ስወጣ፣ «አባ መብረቅ ቢሆን ያባርረው ነበር» አለች ክሯን እየበጠሰች። በፈረስ ያስቀመጥኩት እኔ፣ ያጸለይኩት እኔ፣ ያደራጀሁት እኔ፤ የበላው እሱ! ማታ ተጋድሜ «ቆይ ብቻ» እለዋለሁ። ግን ምን አደርገዋለሁ? በራሴ አፍ ነው የሚኖረው።

ይኼ ሳያንሰኝ የፊልሙ ቁጥር ሁለት አሰላ ድረስ መጣ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተሰቀለ። ሥዕሉን የሳለው የሰፈራችን ሠዓሊ ነው፤ እሱም በረንዳው ላይ እየመጣ ይሰማኝ ስለነበር የፈረንጁን ወረቀት እንኳ በቅጡ ሳያይ «አባ መብረቅ ቁጥር ሁለት» ብሎ ጽፎ፣ ከሰውዬው ሥር አንድ የሚያምር ዳማ ፈረስ አቁሞለታል። ሀጂ ቀዲር ማስታወቂያው ፊት ቆመው «ማሻአላህ፣ አንገቱን እዩልኝ» አሉ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። እንዴት አድርጌ ነው ቁጥር ሁለት ውስጥ ፈረስ የማስገባው?

እዚያው ቆሜ ስጨነቅ ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ሰሎሞን ይባላል፤ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተመደበ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ጸጉሩን አጎፍሮ፣ ሱሪው ከታች እንደ ቀሚስ ሰፍቶ፣ አሰላን በመጣ በሳምንቱ ያስደነቀ ሰው ነው። «ፈረስ?» አለ እየሳቀ። «ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ፤ የምን ፈረስ ነው?» ጽጌ ለእናቷ ክር ልትገዛ ወጥታ፣ በዚያ ደጅ አትለፊ መባሏን ረስታ አጠገባችን ቆማ ነበር። «ሁለቱንም?» አለችው። ሁለቱም የፊቷ ጎኖች ፈገግ አሉ። ያንን ሁለተኛውን ጎን እኔ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለሌላ ሰው ሲሰጥ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ እንሂድ ሲባል እትዬ ወርቅነሽ ይቆጣሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጴንጤነታቸውን ተማምኜ! ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «የሚጸልይ ልጅ ነው፣ እኔም ጸሎቱን ብቻ አይቼ እመለሳለሁ» አሉ።

ሄድን። ሀጂ ከሳጉሬ ዘመዶቻቸውን ይዘው መጡ። ሊቀ መንበሩም መጡ። እኔ ከጽጌ አጠገብ ወንበር ያዝኩና ጨዋ ሰው ነኝ መቼስ፣ ቆሎ ልግዛላት ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሰሎሞን ተቀምጦበታል።

«ወንድም፣ ወንበሩ የኔ ነው» አልኩት።

«እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላቸው ነው» አለኝ።

«ይተርጉምልን እንጂ፣ ልጄ፣ አንተ ከኋላ ተቀመጥ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። ቆሎውንም ተቀበሉኝ።

ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ስለዚህ ቁጥር ሁለትን እንዴት አገኘኸው ብትሉኝ፣ የአስተማሪ ጸጉር ነው የማውቀው። ከዚያ ጎፈሬ ግራና ቀኝ አልፎ አልፎ አንድ እግር ይበራል፣ አንድ ፎቅ ይጨሳል። መሐል ላይ ጎፈሬው ወደ ጽጌ ጆሮ ዘንበል ይላል፤ ይተረጉማል። ተዋናዩ «የስ» ሲል የእሱ ትርጉም ግማሽ ገጽ ይፈጃል። አንድ «የስ» እንዲህ ይረዝማል? እኔም እንግሊዝኛ በመጠኑ እችላለሁ! ሆዴ ውስጥ የገባውን እሳት ቺላሎ ተራራ ላይ ብለቀው ብርዱ ይቀንስ ነበር።

አዳራሹ ግን ሰላም አልነበረም። ወጣቶቹ እያፏጩ ያጨበጭባሉ። «ከቁጥር አንዱ ይበልጣል!» ይላል አንዱ። ቁጥር አንዱን ከኔ አፍ የሰሙት ግን ዝም ብለዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ይጠብቃል። ሰውዬው ሳይጸልይ ተነሥቶ በረረ። «እንዴ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። ቆየና አንዷን ሴትዮ ሰው ፊት ሳማት። «ኢየሱስ ጌታ ነው!» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሊቀ መንበሩ ከወዲያ፣ «ሁሉን ብቻውን ነው እንዴ የሚሠራው? ሰፊው ሕዝብ የት ሄደ?» ሲሉ ይሰማኛል። 

በመጨረሻ ሀጂ ቀዲር ብድግ አሉ።

«ፈርዲ ኤሳ ጅራ?» ብለው በኦሮምኛ ጮኹ። ወዲያው በአማርኛ ደገሙት፤ «ፈረሱ የት አለ?»

አሰላ ፊልም ሲቆረጥ ማሽን የሚያዞረው ሰው ላይ «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ ይጮሃል፤ ልማድ ነው። ያን ቀን ግን የጉድ ነው። «ሌባ! ፈረሱን መልስ!» «ፈረሱን ቆርጠው አዲስ አበባ አስቀሩት!» ግማሹ ይጮሃል፣ ግማሹ «ዝም በሉ፣ ፊልሙን እንይበት!» ይላል። መብራት በራ፣ ፊልሙ ቆመ። የሲኒማ ቤቱ ኃላፊ መጥቶ በእናቱ ማለ፣ በአባቱ ማለ፤ ማን ይመነው፤ በር ላይ የሰቀለው ሥዕል ፈረስ አለው!

«ምስክር አለ!» አሉ ሀጂ። «ቁጥር አንድን ያየ ሰው አለን!» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

ተነሣሁ። ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ሰሎሞንም ተነሣ። «እኔም አይቻለሁ» አለ ረጋ ብሎ፤ «ቁጥር አንድ ላይም ፈረስ የለም። የለም።» ጽጌ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ይኼኔ ነው የገባኝ፤ የቆምኩት ለፈረሱ አይደለም። ፈረሱ ከሌለ እኔም ያቺ በረንዳ ላይ የለሁም።

«ፈረሱ» አልኩ፣ «ሞቷል።»



«መቼ?» አሉ ሀጂ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ከቁጥር አንድ በኋላ፣ ቁጥር ሁለት ሳይጀመር።»

ሀጂ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ያ ረቢ! እኔስ ፊቱ ልክ አይደለም ብያለሁ። ሐዘን ላይ ነዋ!»

«ለዚያ ነው መጸለይ ያቃተው» አሉ እትዬ ወርቅነሽ፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው እያነሡ። «ያቺም ሴትዮ ስታጽናናው ነው።»

መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ግማሹ አዳራሽ የሚያየው ጦርነት ነው፣ ግማሹ የሚያየው ለቅሶ። ሰውዬው ፎቅ በተሸከመ ቁጥር ከኋላዬ አንዲት ሴት «አይዞህ» ትለዋለች። መጨረሻው ላይ ጠላቱ ሊገድለው ሲል ደግሞ የከተማው መብራት ድርግም አለ፤ በዚያው አልተመለሰም። ተበተንን።

በማግስቱ አሰላ ለሁለት ተከፈለች። «እንዲህ ያለ ፊልም ታይቶ አይታወቅም» የሚል አለ፤ «ከቁጥር አንዱ እግር ሥር አይደርስም» የሚል አለ፤ ቁጥር አንዱን በዓይኑ ያየው ደግሞ ከመካከላቸው ማንም የለም። አንድ ባለ ጋሪ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ፈረሱ በምን ሞተ አለኝ። «በቁርጠት» ብዬው አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ባለ ጋሪ፣ «ቶሎ ሆዱን ቢያሹለት ይተርፍ ነበር፤ ፈረንጅ ምን ያውቃል» ብሎ በቁጭት ነገረኝ። እኔ ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከሲኒማ ቤት ስንወጣ ጽጌ ቃል አልተናገረችኝም።

ሰኞ አንድ ጆንያ ቀድጄ በረንዳው ጋ ደረስኩ። ሰሎሞን ቀድሞኝ ተቀምጧል! ጆንያ እንኳ ሳይዝ! ሀጂም፣ ሊቀ መንበሩም አሉ። ለካ መጨረሻውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ እሱን ከበው ይሰማሉ። ጠላቱን እንዴት እንዳሸነፈ ይናገራል፤ ፎቁ በምን ዘዴ እንደተቀረጸ፣ ፊልሙ ስንት ብር እንደወጣበት፣ ሁሉን ያውቃል። ጽጌ መርፌዋ ቆሟል።

«ከዚያስ?» አለችው።

ያ «ከዚያስ» የኔ ነበር! ጆንያዬን መሬት ላይ ጣልኩት።

«ከዚያማ አለቀ» አለ ሰሎሞን።

«እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«በረረ፣ ሄደ። ከዚያ የሠሩት ሰዎች ስም ይመጣል።»

«ፈረሱን ሳይቀብር?» አሉ ሀጂ ተቆጥተው። ሰሎሞን እጁን አንሥቶ ተወው። ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ተናገር እስቲ። ይኼ ልጅ አላወቀበትም።»

«ይናገር» አለች ጽጌ። አላየችኝም። ጆንያውን ብቻ ከመሬት አንሥታ ቀዳዳውን በጣቷ ለካችው።

ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ደቂቃ የምጠላው አስተማሪውን ብቻ አልነበረም። እሱማ ተመድቦ የመጣ ነው፣ ተዛውሮ ይሄዳል። ያኛው ግን፣ አባ መብረቅ ግን፣ እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር እዚያ በረንዳ ላይ ከእኔ ቀድሞ ይቀመጣል። አንድ ቀን ነገሩ መቆረጥ አለበት።

«ጠላቱን አሸነፈ፣ ልክ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ከዚያ ግን ፈረሱ ወደተቀበረበት ሄደ። ያቺን ስስ ልብስ ለብሶ፣ ፈረሱ መቃብር ላይ በዝናብ ሲያለቅስ አደረ። ብርድ መታው።»

«ወይኔ ልጄን!» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

«የሳንባ ምች ሆነበት። ተኛ።»

«ሐኪም የለም ወይ እዚያ አገር?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«አለ፣ ጓድ። ግን ቆዳው ጥይት የማያስገባ ነው አይደል? መርፌው እምቢ አለ።»

 መውጫ እንዳጣ ሁሉም ገብቷቸዋል።

«ጸለየ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ በሹክሹክታ።

«ጸልዮ ነው ያረፈው።»

ገደልኩት። ሀጂ እንደ ቅዳሜው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሊቀ መንበሩም ቆባቸውን። እትዬ ወርቅነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰሎሞን፣ ሁለቱንም ፊልም በዓይኑ ያየው ሰሎሞን፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እኔ ሆዬ፣ ስንት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ተነሣልኝ።

ጽጌ አላለቀሰችም። ጆንያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀዳዳውን ታገላብጣለች።

«እጮኛውስ?» አለች።

«እጮኛውማ አለቀሰች። ሐዘን ተቀመጠች። ኋላ ግን ሰው መከራትና አገባች።»

«ማንን?»

«አንድ የመጋዘን ሠራተኛ።»

ሰሎሞን ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው። ጽጌ ዞር ብላ አየችው፣ ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ይበራል?»

«አይበርም።»

«ፈረስ አለው?»

«የለውም። በእግሩ ነው የሚሄደው።»

የጆንያውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አነሣችው። አይጥ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቀድም፤ በቢላዋ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ውሸታም ነው?» አለች።

እትዬ ወርቅነሽ ያዩኛል፣ ሀጂ ያዩኛል፣ ሊቀ መንበሩ ያዩኛል።

«በጣም» አልኩ።

ጽጌ ክሩን በመርፌው አሾለከችና አንገቷን ደፍታ መስፋት ጀመረች።

«እንግዲህ ምን ታደርገዋለች» አለች፤ «ለምዳዋለች።»